የጋላክሲ ጭራ በአራተኛ ፎቅ

ሙቀቱ ገና መበርታት ሲጀምር የሕንፃችን ማዓሊት ቆመ። እዚህ ርሖቮት ውስጥ አሳንሰሩን ሁሉም ሰው በዕብራይስጥ ማዓሊት ነው የሚለው፤ ሽማግሌዎቻችንም ቢሆኑ ሌላ ስም አላወጡለትም። አንድ ማለዳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠና እዚያው ቀረ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ባለሙያ ጠርቶ አሳየ። ባለሙያው የተሰበረው ዕቃ ከውጭ አገር ካልመጣ አይሠራም አለና በሩን በቢጫ ላስቲክ ጠምጥሞ ሄደ።

ለሌላው ጎረቤት ነገሩ ላብ ብቻ ነበር። ለእኛ ቤት ግን እስራት ሆነ። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አባቴ ደግሞ በክረምቱ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ደልዳላ ወለል ላይ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ደረጃ ግን አይሆንላቸውም። ማዓሊቱ ደህና ሳለ ጠዋት ጠዋት ወርደው፣ ክፋር ግቢሮል ሰፈራችን ውስጥ ባለችው ትንሽ መናፈሻ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጫወቱ ይቆዩና ፀሐዩ ሲከር ይመለሱ ነበር። አሁን መናፈሻዋን ከበረንዳ ቁልቁል ያይዋታል። እኩዮቻቸው ከታች እጃቸውን ያነሱላቸዋል፤ እሳቸውም ያነሳሉ። ከፎቅ ላይ መጮህ ነውር ነው ብለው ስለሚያምኑ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም።

እናቴ ነስ ጺዮና ውስጥ ባለ የማሸጊያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከሰዓት በኋላ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች። ታናሽ እህቴ ጦር ሠራዊት ውስጥ ነበረች፤ አልፎ አልፎ ለሰንበት ስትመጣ እንቅልፏን ተኝታ፣ ልብሷን አሳጥባ ትመለሳለች። ስለዚህ ከአባቴ ጋር የምውል እኔ ሆንሁ።

ለዚያ ሥራዬ የተመቸ ይመስል ነበር። ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ተቋም የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ፤ የምፈልገውም ኮምፒውተርና ዝምታ ብቻ ነው። «ያው ቁጭ ብለሽ አይደል የምትሠሪው?» አለች እናቴ። «እዚያ ከምትቀመጪ እዚህ ተቀመጪ።» ላፕቶፔን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ።

የማጠናው ጋላክሲዎች ጋዛቸውን እንዴት እንደሚያጡ ነበር። ጋላክሲ ማለት ከዋክብት ብቻ አይደለም። በከዋክብቱ መካከል ቀዝቃዛ ጋዝ ተዘርግቷል፤ አዲስ ኮከብ የሚወለደው ከዚያ ጋዝ ነው። ታዲያ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች በስበት ተያይዘው አብረው የሚኖሩባቸው ስብስቦች አሉ፤ በእነዚያ ስብስቦች ውስጥ ባዶ የሚመስለው ቦታ ባዶ አይደለም። እጅግ የሳሳ፣ ግን እጅግ የጋለ ሌላ ጋዝ ሞልቶታል። አንድ ጋላክሲ ከውጭ ተስቦ ሲገባ በዚያ ጋዝ ውስጥ በአስፈሪ ፍጥነት ይከንፋል። ነፋስ በሌለበት ቀን ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ፊቱን ነፋስ እንደሚመታው፣ ጋላክሲውንም እንዲሁ ይመታዋል። ከዋክብቱን ነፋሱ አይነካቸውም፤ እንደ ጠጠር ናቸው፣ አልፏቸው ይሄዳል። ጋዙን ግን ይገፈዋል፤ የተገፈፈው ጋዝ ከጋላክሲው ኋላ እንደ ጭራ ይጎተታል። ጋዙ ሲያልቅ ኮከብ መወለዱ ይቆማል። ያሉት ቀስ በቀስ ያረጃሉ።

በቴሌስኮፕ የታየ አንድ ጋላክሲ ነበር፤ ጭራው ረጅም ሆኖ መሐል ላይ ወደ ጎን የታጠፈ። የእኔ ሥራ ያንን ጭራ በኮምፒውተር ውስጥ በስሌት መውለድ ነበር። ሁልጊዜ ግን ከሁለት አንዱ ይሆንብኛል። ወይ ጋዙ ሁሉ ባንዴ ተጠርጎ ጋላክሲው ራቁቱን ይቀራል፤ ወይ ጭራው እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ይላል። መታጠፍ እንቢ አለኝ። ያ በጋ ሲገባ ከችግሩ ጋር ከዓመት በላይ ተፋጥጫለሁ፤ ጠዋት ከፍቼ የማየው ያንኑ ቀጥ ያለ ገመድ ነበር።

አባቴ በረንዳው ሲሰለቻቸው መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ሰማያዊው ቅርጽ ሲሽከረከር ትኩር ብለው አዩና፣

«ይኼ ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ጋላክሲ ነው አባባ። ጋዙ ሲሄድበት ነው።»

«ጋዝ?» ዞረው ምድጃውን አዩ። ጎንደር ሳሉ ጋዝ ማለት ኩራዝ የሚሞሉት ነበር፤ እዚህ ደግሞ ወጥ የሚሠራበት ነው። «ሰማይ ላይ ጋዝ ምን ያደርጋል?»

«ያ አይደለም። እንደ ጉም ያለ ነገር ነው። ኮከብ የሚሠራበት።»

«እሱን ማን ይወስደዋል?»

«ነፋስ።»

ፊታቸው በራ። «እንደ አውድማ ነው በይኛ! ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ይቀራል።»

«እንደዚያም አይደለም» አልሁ። «የሚቀሩት የተወለዱት ከዋክብት ናቸው። የሚሄደው ገና ኮከብ ሊሆን የነበረው ነው።»

«እንግዲያ ገለባ አይደለማ የሚሄደው» አሉ። «ዘር ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ታዲያ ለምን አይመለስም?»

«ማን?»

«ጋላክሲው። ነፋሱ እንዲያ ከገፈፈው ፊቱን አዙሮ አይወጣም?»

«አይችልም። ከገባ በኋላ ስበቱ ይይዘዋል። ወደ ጠርዝ ቢሄድም ተመልሶ ይወድቃል።»

«እህ» አሉ፤ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ በረንዳቸው ተመለሱ።

ያ ጨዋታ ደስ ያሰኘኝ ምክንያት አለው። በዚያው ዓመት ጸደይ አንዲት ጋዜጠኛ ተቋሙ ድረስ መጥታ አነጋግራኝ ነበር። ስለ ጭራው ሳስረዳት በመሐል አቋርጣ፣ «ልክ እንደ ቤተሰብሽ! ወደ አዲስ አገር ገብተው ባህላቸው ተገፈፈ» አለችኝ። «አይደለም» አልኋት፣ «ጋላክሲ ነው።» ሳቀች። ጽሑፉ ሲወጣ ግን ምሳሌው በእኔ አፍ ተነግሮ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ያለ ውብ ምሳሌ ነው» ይለኛል። ያልተናገርሁትን አስተባብዬ ስላልጨረስሁት ማስተባበሉን ተውሁት። ስለ ጋላክሲው ራሱ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አባቴ ነበሩ።

ሙቀቱ በገነፈለበት ሰሞን አስተማሪዬ መልእክት ላከልኝ። ጀርመን አገር ያለ አንድ ቡድን ያንኑ ጋላክሲ በአዲስ መሣሪያ እያየው ነው፤ ለአንድ ዓመት አብራቸው የምትሠራ ተማሪ ይፈልጋሉ፤ የአዲስ ዓመቱ በዓላት እንዳለፉ መሄድ ይቻላል፤ መልሱ ግን እስከ መጪው እሑድ መድረስ አለበት። መልእክቱን አንብቤ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ እቤታችን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በእጄ፣ የሚደወል ስልክ ሁሉ በአፌ ነው የሚያልፈው። ሐኪም ቤት ቀጠሮ የምይዝ እኔ፣ ሐኪሙ ያለውን የምተረጉም እኔ። እናቴ ዕብራይስጧ ለፋብሪካዋ ይበቃል፤ ከዚያ ግን አያልፍም። እህቴ ደግሞ አማርኛዋ ለሰላምታ ነው። ስለዚህ መሄድ አልችልም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እሱንም መጻፍ አልቻልሁም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አስተማሪዬ ነው፤ ስድሳ ያለፈው ሰው፣ አራት ፎቅ ሐብሐብ ታቅፎ ወጥቶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። መልስ ስላልሰጠሁት ታምሜ መስሎት ነበር። አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይተው ደስታቸውን አልቻሉም። ኮታቸውን ካልለበስሁ አሉ። በዚያ ሙቀት አለበስኋቸው።

አስተማሪዬ ውኃውን ጠጥቶ ሲያበቃ በቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። «ለአባትሽ ተርጉሚለት» አለኝ።

ዕብራይስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም። የእሱን ቃል ወደ አማርኛ ሳመጣ እሱንም አባቴንም አንቱ እላለሁ፤ የአባቴን ቃል ወደ ዕብራይስጥ ስወስድ ሁለቱንም አንተ ብዬ አወርዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሠራው ሥራ ስለሆነ አላስተውለውም ነበር። ያን ቀን ግን እያንዳንዱን መውጣትና መውረድ አስተዋልሁት፤ የሚተረጎመው ነገር እኔ ነበርሁና።

«ልጅህ በዚህ ሥራ ካየኋቸው ጎበዞች አንዷ ናት በይው።»

«ልጅዎ በዚህ ሥራ ካየኋቸው ጎበዞች አንዷ ናት ይላሉ» አልሁ፤ ጆሮዬ ጋለ።

«እግዜር ይስጣቸው በያቸው» አሉ አባቴ።

አስተማሪዬ ስለ ጀርመኑ ነገር ተናገረ፤ መልስ እንዳልሰጠሁትም ጨመረ። ሁሉንም ሳልቀንስ አቀረብሁ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አለ?» አለ አስተማሪዬ።

«አውቀው እንደ ነበር ጠየቀኝ» አልሁት።

አባቴ ምርኩዛቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «እንዲህ በያቸው። እግሬ እሷ ናት። ምላሴም እሷ ናት። ሐኪም ቤት ስሄድ ሕመሜን የምትናገርልኝ እሷ ናት። እሷ ከሄደች ማን አሞታል ይልልኛል? በያቸው።»

ነገርሁት። «እግሩ እኔ ነኝ» ብዬ ስለራሴ ተናገርሁ፣ «ምላሱም እኔ ነኝ።» አስተማሪዬ አንገቱን ደፋ።

«ይገባኛል» አለ። «ግን እሷን የጠየቃት የለም። ምን እንደምትፈልግ አባትሽ ይጠይቅሽ።»

«ምን እንደምፈልግ ይጠይቁኝ ይላሉ።»

«ምን ትፈልጊያለሽ የኔ ልጅ?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ያ ባሰብኝ።

እኔም በልማድ ወደ አስተማሪዬ ዞሬ፣ «ምን ትፈልጊያለሽ ይላል» ብዬ ተረጎምሁ።

ሁለቱም እያዩኝ ጠበቁ። በሁለት ቋንቋ የተጠየቀ ጥያቄ በአንዱም መልስ አጣሁለት። ልሂድ ብል አባቴን በገዛ እንግዳቸው ፊት ማዋረድ ነው። አልፈልግም ብል ውሸት ነው፤ ውሸቱንም ሁለት ጊዜ መዋሸት አለብኝ።

«ሐብሐቡን ልቁረጠው» አልሁ። በአማርኛም በዕብራይስጥም አልሁት። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

እናቴ ስትመለስ አስተማሪዬ ሄዷል፤ ልጣጩ ግን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ነገሩን ከአባቴ ሰማች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «ምላሴ ናት አልኸው?» አለች። «እኔስ? እኔ ስንት ዓመት በምን ምላስ ነው የኖርሁ? በምልክት አይደል? ሞቻለሁ?»

«አንቺ ሥራ ትውያለሽ።»

«ብውልስ! ልጂቱን እንደ ምርኩዝ ጥግ ላይ አቁመሃት ትኖራለህ?»

ዓርብ እህቴ ለሰንበት መጣች፤ ምሳ ላይ አራታችንም ዳቦውን ዝም ብለን ተካፈልን። እህቴ በዕብራይስጥ «እዚህ ቤት ማን ሞተ?» አለች፤ ማንም አልሳቀላትም። እሑድ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ስከፍት ስዘጋ ዋልሁ። መሸ። አልጻፍሁም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ስሌቴ በተቋሙ ኮምፒውተሮች ላይ ቆሞ ስለነበር መሄድ ግድ ሆነብኝ። አባቴን ቁርሳቸውን አብልቼ፣ ስልካቸውን አጠገባቸው አስቀምጬ ወጣሁ። ቶሎ ነው የተመለስሁት። ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛውን ፎቅ እንዳለፍሁ የመብራቱ ጊዜ አለቀና ጠፋ፤ የደረጃችን መብራት በራሱ ጊዜ ነው የሚጠፋው። በጨለማው ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሰማሁ። እጄን ግድግዳው ላይ አሽቼ ማብሪያውን ስጫነው፣ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል። ምርኩዛቸው ተንከባሎ ከታች ወድቋል።

«አባባ! ወደቁ?»

«አልወደቅሁም። ተቀመጥሁ።»

የደረጃውን ብረት ይዘው አንድ ፎቅ ተኩል ወርደዋል። ከዚያ እግራቸው እንቢ አለ፤ መውጣቱም አቃታቸው። ስልካቸው እላይ ቀርቷል። መብራቱን ለማብራት መነሣት ስለማይችሉ በጨለማ ተቀምጠው ጠብቀዋል። ለምን ጎረቤት እንዳልጠሩ ብጠይቃቸው፣ «ምን ብዬ? በምን ቋንቋ?» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ልብሳቸው በላብ ርሷል።

«ብቻዬን መውረድ ብችል ትሄጅ ነበር ብዬ ነው» አሉ። «መናፈሻው ድረስ ደርሼ ልጠብቅሽ ነበር። እናትሽ እውነቷን ነው። ሂጂ። ለሰውዬው ንገሪያቸው፤ አባቴ ሂጂ ብሎኛል በያቸው።»

መብራቱ እንደገና ጠፋ። ፊቴን እንዳያዩት ሳላበራው ቆየሁ።

«ቀኑ አልፏል አባባ። ትናንት ነበር።»

ከላይ የአንድ ቤት ራዲዮ ይሰማል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«ምን ልበልዎ?»

«እሱስ» አሉ። እጃቸውን ጨለማው ውስጥ ሲፈልጉኝ ተሰማኝ፤ ጉልበቴን አገኙና ያዙት።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ከሩሲያ የመጣ ጎረቤት አለን፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ትከሻው በር የሚያህል። አንኳኳሁበት። ከሴት ልጁ ባል ጋር የፕላስቲክ ወንበር ይዘው መጡና አባቴን አስቀመጧቸው። ወንበሩን ሲያነሡ ሰውየው፣ «ለማላ? ለማታ?» አለ፤ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች ማለቱ ነው። ልተረጉም አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

«ለማታ!» አሉ። «ያላ።» በሉ እንሂድ ማለታቸው ነው።

ተሸክመው አወረዷቸው። አባቴ ያን ቀን እስከ ማምሻው ድረስ መናፈሻው ውስጥ እኩዮቻቸው መሐል ተቀምጠው ዋሉ። እኔ ከዛፉ ማዶ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ሳይ፣ ሰው ሲጠይቃቸው እየሳቁ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደ ወረዱ በእጃቸው ያሳያሉ። ሲመሽ ያው ሰውየው አማቹን ይዞ መጥቶ አወጣቸው። በማግሥቱ አስተማሪዬን ጠየቅሁት፤ ቦታው ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል። «ቀነ ገደብ ነው» አለኝ፤ የተቆጣ አይመስልም ነበር፣ የደከመው ይመስል ነበር።

የተጠየቀው ዕቃ በበዓላቱ ሰሞን መጥቶ ማዓሊቱ ተሠራ። በእኔ ቦታ የሄደችው ተማሪ ሰው ወዳድ ልጅ ነበረች፤ በየጊዜው ያገኘችውን ትልክልኛለች። ብዙ ወራት ሳትቆይ ጭራው ለምን እንደሚታጠፍ የገባት እሷ ናት። እኔ በስብስቡ ውስጥ ያለውን የጋለ ጋዝ ዝም ብሎ የቆመ አድርጌ ነበር ያሰላሁት። እሱ ግን አይቆምም፤ እንደ ተነካ የገንዳ ውኃ ወዲህና ወዲያ ይላል፣ ጭራውንም ወደ ጎን ይዞት ይሄዳል። ስሌቴን እንደዚያ ብቀይረው ጭራው ታጠፈ። ጽሑፉ ላይ የእሷ ስም መጀመሪያ፣ የእኔ ከእሷ ቀጥሎ ሆነ። አልተናደድሁም ብል ውሸት ነው፤ ተናድጄባት ነበር ብልም ውሸት ነው። ልናደድበት የምችል ሰው ፈልጌ አጣሁ። ያ ነው የሚያፍነው። እናቴ ልክ ነበረች፣ አባቴም ያሉት እውነት ነበር፣ አስተማሪዬም አራት ፎቅ ወጥቶ መጥቷል።

ዶክትሬቴን ዘግይቼ ጨረስሁ። ከዚያም እዚያው ተቋም ውስጥ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ሥራ አገኘሁ፤ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

እህቴ የሠራዊት አገልግሎቷን እንደ ጨረሰች፣ እዚህ አገር ወጣቶቹ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ዓለም ልዞር ነው አለች። ማንንም አላማከረችም፤ ቲኬቱን ገዝታ ነው የነገረችን። አባቴ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት፣ መረቋት፣ «ምድሩን ሁሉ እይልኝ» አሏት። እናቴ እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል ጎረቤት ይረበሻል ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሻንጣዋን ተሸክሜ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። በሄርዝል ጎዳና ስንወርድ ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነበር። እሷ ያለማቋረጥ ታወራለች፤ መጀመሪያ ወዴት፣ ከዚያ ወዴት። መድረኩ ላይ ቆመን ባቡሩ ሲታይ ወሬዋን አቋርጣ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «አንቺስ? አንቺ መቼ?» አለችኝ።

«ያላ፣ ግቢ» አልኋት፣ «በሩ ይዘጋል።»

አቀፈችኝ፤ ሻንጣው መሐላችን ገብቶ አስቸገረን። ባቡሩ ሲሄድ በመስኮቱ በኩል እጇን አነሣች፤ እኔም አነሣሁ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። ጠዋት ስብሰባ ነበረብኝ፤ አባቴ ደግሞ ከቀትር በኋላ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላቸው። አውቶቡሱን ሳልጠብቅ በእግሬ ወደ ተቋሙ ተመለስሁ።